ሁለተኛው ሌሊት በኤድዋርድስ ደሴት

መሽቷል። አንዲት ጀልባ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ወዳለችው ኤድዋርድስ ደሴት ታመራለች። ከተሳፋሪዎቿ ሦስቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ሬን አፉ ሥራ አይፈታም፤ ስለ ደሴቲቱ ያወራል፣ እዚያ ስለሚጠብቃቸው ድግስ ያወራል፣ ሲጨርስ እንደገና ይጀምራል። ጆናስ ቆጠብ ብሎ ያዳምጣል። አባቱና የአሌክስ እናት በመጋባታቸው የእንጀራ እህት አግኝቷል፤ ሲያያት ግን የዛሬው የመጀመሪያው ነው። አሌክስ የሟች ወንድሟን የማይክልን ጃኬት ደርባ ትንሽ ሬዲዮ ይዛለች።

ጆናስ አንድ ነገር ይጠይቃታል። ወዲያው ከራሷ በላይ ሦስት መልሶች ብቅ ይላሉ፤ አንዱ ደግ፣ አንዱ ሹፈት ያለበት፣ ሌላው ወሬውን የሚያስቀይስ። ተጫዋቹ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አለበት። መልሶቹ ግን አይጠብቁትም፤ ጥቂት ሰከንዶች ቆይተው መደብዘዝ ይጀምራሉ። ካልቸኮለ ይጠፋሉ፣ ጆናስም መልስ እንደተነፈገ ሰው ፊቱን ያዞራል።

“ኦክስንፍሪ” የተባለው ቪዲዮ ጌም የሚጀምረው እንዲህ ነው። ለገበያ የቀረበው በጥር 2016 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የሠራው ናይት ስኩል ስቱዲዮ የተባለ አነስተኛ የካሊፎርኒያ ድርጅት ሲሆን፣ መሥራቾቹ ሾን ክራንክልና አዳም ሃይንስ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ክራንክል ከዲዝኒ፣ ሃይንስ ደግሞ በትረካ ጌሞቹ ስሙ ከገነነው ከቴልቴል የመጡ ነበሩ። ጌሙን ከዳር እስከ ዳር ለመጨረስ አራት ወይም አምስት ሰዓት ይበቃል፤ ታሪኩም የአንድ ሌሊት ነው።

እኛ ዘንድ ጌም ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እዚያ የሚከፈለው በጨዋታ ነው፤ አንድ የፊፋ ግጥሚያ ሲያልቅ ሌላ ይጀመራል፣ የተሸነፈ ይነሣል፣ የቀጣዩ ውጤትም አይታወቅም። ደግሞ መጫወት ማለት ይኸው ነው፤ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም። ታሪክ የሚተርክ ጌም ላይ ግን ጥያቄው ይመጣል። ምስጢሩ አንዴ ከተገለጠ፣ መንፈሶቹ እነማን እንደሆኑ ከታወቀ፣ ለምን ይደገማል? ኦክስንፍሪ ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ ከሌሎቹ ይለያል፤ መደገሙን ራሱን የታሪኩ አካል አድርጎታል። ይህ ጽሑፍም ስለ ሁለተኛው ዙር ነው። ምስጢሩን ሳያውቅ መጫወት የሚሻ አንባቢ እዚህ ያቁም፤ ከዚህ በታች ፍጻሜው ሳይቀር ይነገራል።

ዝምታም መልስ ነው

ኦክስንፍሪ ውስጥ ጥይት አይተኮስም፣ ነጥብ አይሰበሰብም። ተጫዋቹ የሚያደርገው ሦስት ነገር ነው፤ ይራመዳል፣ ያወራል፣ ሬዲዮ ይከፍታል። በአብዛኞቹ የትረካ ጌሞች ገጸ ባሕርያት ሲያወሩ ዓለም ቀጥ ትላለች፤ ተጫዋቹ ሻይ አፍልቶ ቢመለስ እንኳ ምርጫው ስክሪኑ ላይ ተገትሮ ይጠብቀዋል። እዚህ ወሬውና እርምጃው አብረው ነው የሚሄዱት። አሌክስ ገደል እየወረደች፣ አጥር እየዘለለች ትመልሳለች። ፈጥና ከመለሰች የሌላውን ቃል ከአፉ ትነጥቃለች፤ ብትዘገይ እድሉ ያመልጣታል። ዝም ካለችም ዝምታዋን ሌሎቹ ያስተውሉታል።

የዚህ አሠራር ውጤት ቀስ ብሎ ነው የሚገለጠው። ሬን አንድ ታሪክ ጀምሮ ሳይጨርስ ይቀራል፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ አቋርጦታል። ደሴቲቱ ላይ ከሚያገኟቸው ሁለት ልጃገረዶች አንዷ ክላሪሳ አንድ ነገር ልትናገር ስትል ሌላዋ፣ ኖና፣ ጣልቃ ትገባለች፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ከሌላ ሰው ጋር መቆም መርጧል። የተመረጠ መልስ ሁሉ ያልተመረጡትን ሁለቱን ይዘጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር የግድ ቀዳዳ አለው። ያመለጠው ነገር ደግሞ ጓዳ ውስጥ የተደበቀ ሽልማት ሳይሆን የሰዎቹ ጠባይ ነው። በአንዱ ዙር ክላሪሳ ክፉ ትመስላለች፤ በሌላው፣ ታግሶ ላዳመጣት፣ ኀዘኗ እንዴት ወደ ቁጣ እንደተለወጠ ይታያል።

ጌሙ ሲያልቅ የተጫዋቹን ምርጫዎች ዘርዝሮ፣ ሌሎች ተጫዋቾች በዚያው ቦታ ምን እንደመረጡ ያሳያል። ብዙ ሰው ሌላ መንገድ እንደነበር የሚያውቀው ያኔ ነው።

ከባሕር ሥር የሚመጣ ድምፅ

ወጣቶቹ ባሕሩ ዳርቻ እሳት አንድደው እርስ በርስ ምስጢር የሚያወጣጡበት ጨዋታ ይጫወታሉ። ቀጥሎ አሌክስና ጆናስ ወደ አንድ ዋሻ ይገባሉ። በአካባቢው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሯል፤ አጠገቡ ሬዲዮ ሲከፈት እንግዳ ብርሃን ይታያል ተብሎ ይወራል። አሌክስ ሬዲዮዋን ታዞራለች። አየሩ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ብርሃን ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ሌሊቱ ሌላ ሌሊት ይሆናል። ጓደኞቻቸው በደሴቲቱ ተበታትነዋል፣ ከሬዲዮውም የሚያናግር ነገር አለ።

የሚያናግረው በራሱ አፍ አይደለም። ከድሮ ስርጭቶች አንድ ቃል ከዚህ፣ አንድ ቃል ከዚያ ቆራርጦ ዐረፍተ ነገር ይሠራል። በአጭር ሞገድ ዶይቸ ቬለን ወይም የአሜሪካ ድምፅን ለመያዝ ቁልፉን በፀጉር ስፋት ልክ እያዞረ ያመሸ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ፉጨት፣ ሹክሹክታ፣ የማይለይ ቋንቋ፣ ከዚያ ድንገት ጥርት ያለ ድምፅ። ኦክስንፍሪ ፍርሃቱን የሠራው ከዚህ ነው። የሙዚቃው ደራሲ አንድሪው ሮርማን (የመድረክ ስሙ ሳይንቲፊክ ነው) ዜማውንና የሬዲዮውን ጫጫታ አዋህዶ፣ የትኛው ሙዚቃ የትኛው ምልክት እንደሆነ እስከሚያጠራጥር ድረስ አድርሶታል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ደግሞ እንደ ሕፃናት መጽሐፍ ሥዕል ለስላሳ ነው፤ ሰዎቹ ትንንሽ፣ ዛፎቹ ግዙፍ ናቸው። ጌሙ በ2016 የኢንዲፔንደንት ጌምስ ፌስቲቫል የምርጥ ሥዕላዊ ጥበብ ሽልማትን ያገኘው በዚህ ነው።

ድምፆቹ የሙታን ናቸው፤ ቢያንስ እንደ ሙታን የሚቆጠሩ ሰዎች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካናሎዋ የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ በደሴቲቱ አጠገብ ሰጥማ ነበር። የመታት የጠላት መርከብ አልነበረም፤ የወገን ነው። ለጥፋቱ ምክንያት የሆነችው በደሴቲቱ ጣቢያ የመልእክት ባለሙያ የነበረችው ማጊ አድለር ናት፤ የተጠለፈ መልእክት በተሳሳተ መንገድ ተርጉማ አቀበለች። የመርከቧ ሰዎች እንደ ሰው አልሞቱም፤ በጊዜና በቦታ መካከል ተሰንቅረው ቀሩ። አድለር ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው ደሴት ላይ ኖረች፤ ወጣቶቹ ከመምጣታቸው ጥቂት ቀደም ብላ ሞታለች። ጸጸቷ የተጻፈባቸው ደብዳቤዎች በየጥጋጥጉ ተደብቀዋል። በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም የሚያገኛቸው ተጫዋች ጥቂት ነው፤ ሳያገኛቸው የጨረሰ ሰው ደግሞ መንፈሶቹን እንደ ክፉ ብቻ ነው የሚያውቃቸው።

ካናሎዋ ልብ ወለድ ናት፤ የሬዲዮ ጣቢያው ሐሳብ ግን ከእውነት የራቀ አይደለም። በዋሽንግተን ግዛት ቤይንብሪጅ ደሴት ላይ ያለው ፎርት ዋርድ በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጃፓንን የሬዲዮ መልእክት የሚጠልፍበት ጣቢያ ነበር። ቶኪዮ በታኅሣሥ 1941፣ በፐርል ሃርበር ጥቃት ዋዜማ፣ ዋሽንግተን ላለው ኤምባሲዋ የላከችውን ባለ 14 ክፍል መልእክት የያዙት እዚያ የነበሩ ኦፕሬተሮች ናቸው። የጌሙ ሠሪዎች ለአድናቂዎች ያዘጋጁት የእንቆቅልሽ ሰንሰለትም ፈላጊዎቹን በመጨረሻ ያደረሳቸው ወደዚያው ወደ ፎርት ዋርድ ነበር፤ እዚያ ደብዳቤዎች የያዘ ሣጥን አገኙ።

አዙሪቱ

አሌክስ በጫካ መንገድ ትሄዳለች። አብሯት ያለው ሰው አንድ ነገር ይላል። ስክሪኑ እንደ አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ያንኑ ነገር በዚያው ድምፅ ይደግመዋል። አሌክስ የሆነውን ታውቃለች፤ እሱ አያውቅም። በሦስተኛው ጊዜ ቃሉ ትንሽ ይለወጣል፣ የቆመበት ቦታ ይዛነፋል። በመንገዱ ላይ ቀድሞ ያልነበረ የቴፕ ማጫወቻ ተተክሎ ይታያል። ተጫዋቹ ጥቅልሉን እያዞረ ትክክለኛውን ፍጥነት ሲያገኝ አዙሪቱ ይሰበራል፣ መንገዱም ይቀጥላል።

መንፈሶቹ ያሉበት ሁኔታ ይህ ነው። ለአሥርተ ዓመታት አንዲት ቅጽበት ሲደግሙ ኖረዋል፤ አሁን የወጣቶቹን ገላ ወስደው መውጣት ይፈልጋሉ። ኦክስንፍሪ ውስጥ መደጋገም ቅጣት ነው። ተጫዋቹ ይህን የሚማረው ቅጣቱን ራሱ እየቀመሰ ነው፤ ያንኑ መንገድ ሄዶ፣ ያንኑ ወሬ ሰምቶ።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ እንግዳ ነገር አለ። አሌክስ መስታወት ፊት ስትቆም የራሷ ምስል ያናግራታል። ምክር ይሰጣታል፤ ገና ያልደረሰችበትን ምርጫ እንዴት መምረጥ እንዳለባት ይነግራታል። በመጀመሪያው ዙር ይህ የማስፈራሪያ ዘዴ ይመስላል። ማን እንደሚናገር፣ ከየት እንደሚናገር የሚገባው ቆይቶ ነው።

ጊዜ ስለተቀደደ አሌክስ ወደ ራሷ ትዝታም ትወድቃለች። ማይክል ከፍቅረኛው ከክላሪሳ ጋር ከተማቸውን ለቆ ለመሄድ አቅዶ ነበር። ከመሄዱ በፊት ከእህቱ ጋር ሊዋኝ ወጣ፤ እዚያው ሰጠመ። ክላሪሳ ለሞቱ አሌክስን ትወቅሳለች፤ አሌክስም በልቧ ራሷን ትወቅሳለች። ትዝታዎቹ ውስጥ ማይክል ምክር ይጠይቃታል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር? የተጫዋቹ መልስ ከተወሰኑ ሌሎች ምርጫዎች ጋር ሲገጥም የሞተውን ሊያስነሣው ይችላል። ዋጋው ግን አለ። ማይክል ከኖረ ቤተሰቡ አይፈርስም፤ ቤተሰቡ ካልፈረሰ የአሌክስ እናት የጆናስን አባት አታገባም። ሌሊቱን ሙሉ አብሯት የቆመው ልጅ ባዕድ ይሆናል።

ብዙ ጌሞች ተጫዋቹን “መልካሙን ፍጻሜ” እንዲያሳድድ ይገፋፉታል። ኦክስንፍሪ ግን የትኛው ፍጻሜ መልካም እንደሆነ አይናገርም። ክላሪሳን ለመንፈሶቹ ትቶ መውጣት ይቻላል፤ ያኔ በዓለም ላይ እንዳልነበረች ትሆናለች፣ የሚያስታውሳትም አይኖርም። ሁሉንም አድኖ በጠዋቱ ጀልባ መመለስም ይቻላል። ጓደኛሞቹ ተኳርፈው ወይም ተፋቅረው ሊለያዩ ይችላሉ። ሁሉም በተጫዋቹ አፍ የተሠራ ነው።

ከማለዳው ጀልባ በኋላ

በመጨረሻው ትዕይንት ነግቷል፤ ወጣቶቹ በጀልባ እየተመለሱ ነው። አሌክስ ከዚያ ሌሊት በኋላ ማን ምን እንደሆነ በእርጋታ ትተርካለች፤ ማን ትምህርት እንደቀጠለ፣ ማን ከማን ጋር እንደቀረ። ተጫዋቹ መቆጣጠሪያውን ሊያስቀምጥ ሲል ድምፅዋ ይሰነጠቃል። ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል። አሌክስ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ከአዲሱ የእንጀራ ወንድሟ ጋር ልትተዋወቅ እንደሆነና ወደ ኤድዋርድስ ደሴት ለመሄድ እንዳሰቡ መናገር ትጀምራለች።

አልወጡም። ያቺ ቀን ራሷ ተጠቅልላ የምትመለስ ቴፕ ናት።

ብዙ ተጫዋች እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ይደነግጥና ያቆማል። ጌሙ በወጣበት ዓመት የተጨመረው ማሻሻያ ግን ሌላ በር ከፍቷል። አንዴ የጨረሰ ሰው ከመነሻው ገጽ ላይ የነበረውን የጊዜ መስመር መቀጠል ይችላል። ጀልባዋ ያቺው ናት፣ ሬንም ያንኑ ያወራል። አሌክስ ግን ከዚህ በፊት እዚህ የነበረች ይመስላታል። ቀድሞ ያልነበሩ መልሶች ከራሷ በላይ ይታያሉ፤ ገና ያልሆነውን እንደሆነ ትናገራለች፣ ጓደኞቿም ግር ይላቸዋል። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ምክር ሰጪ ማን እንደነበረች አሁን ይገባል፤ ይህን መንገድ ቀድማ የሄደች ሌላ አሌክስ ናት።

በዚህ ሁለተኛ ሌሊት መጨረሻ አሌክስ ጉዞው ሳይጀመር ለነበረችው ለራሷ መልእክት ማስተላለፍ ትችላለች። መልእክቱ አጭር ነው፤ ወደ ደሴቲቱ አትሂዱ። ከሰመረ ዕቅዱ ገና ከመነሻው ይፈርሳል። ጀልባ የለም፣ ዋሻ የለም፣ ታሪኩ ራሱ የለም። አዙሪቱን ለመስበር የሚቻለው ጌሙ እንዳይጀመር በማድረግ ነው፤ ወደዚያ ለመድረስ ግን ሁለት ጊዜ መጫወት ግድ ይላል።

ሌሎች ምስጢሮች እንዴት ይደገማሉ?

ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለመረዳት ሌሎቹን ማየት ይጠቅማል። በ2015 የወጣው “አንቲል ዶውን” በተራራ ላይ ቤት የታሰሩ ስምንት ወጣቶችን ያቀርባል፤ እንደ ተጫዋቹ ምርጫ ሁሉም ሊተርፉ ወይም ሁሉም ሊሞቱ ይችላሉ። ሰው የሚደግመው የሞተበትን ለማትረፍ ነው። ይህ የሒሳብ ደስታ ነው፤ ስህተትን የማረም። ታሪኩ ግን ተጫዋቹ ዳግም መምጣቱን አያውቅም።

የሉካስ ፖፕ “ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን” (2018) ሌላ ዓይነት ነው። የኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ኢንሹራንስ መርማሪ በ1807 ባዶዋን የተመለሰች መርከብ ላይ ወጥቶ፣ የሙታንን የመጨረሻ ቅጽበት በሚያሳይ ሰዓት እየታገዘ የ60 ሰዎችን ዕጣ ያጣራል። ድንቅ ምስጢር ነው፤ ነገር ግን የጌሙ ሙሉ ኃይል ያለው አለማወቅ ላይ ነው። ማን እንዴት እንደሞተ ካወቁ በኋላ ደግሞ መጫወት የራስን ፈተና ደግሞ እንደመፈተን ነው።

ለኦክስንፍሪ የሚቀርበው የቶቢ ፎክስ “አንደርቴል” (2015) ነው። ተጫዋቹ ሁሉን ሰርዞ ቢጀምር እንኳ ቀድሞ ያደረገውን የሚያስታውስ ገጸ ባሕርይ አለ። አንደርቴል ትዝታውን የሚጠቀመው ተጫዋቹን ለመክሰስ ነው። ኦክስንፍሪ ክስ የለውም፤ ተጫዋቹን ከመንፈሶቹ ጋር በአንድ ወንበር ያስቀምጠዋል። መጫወቻውን እንደገና የሚከፍተው ሰው፣ ያቺን ሌሊት ደጋግሞ የሚያስኬዳት እሱ መሆኑን ማስተባበል አይችልም።

የሚነቀፈውም አለ

ጌሙ እንከን አልባ አይደለም። አሌክስ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፤ ደሴቲቱን ከዳር ዳር መመላለስ በመጀመሪያው ዙር ድባብ ይፈጥራል፣ በሁለተኛው ግን ያሰለቻል። የታወቀ ወሬን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። የታሪኩ ዋና ዋና ክንውኖችም ተጫዋቹ ምንም ቢመርጥ በዚያው ቅደም ተከተል ይመጣሉ፤ የሚለወጠው በሰዎቹ መካከል ያለው ነገርና የመጨረሻው ትረካ ነው። አዲስ ቦታና አዲስ ፍልሚያ ጠብቆ የሚደግም ሰው ማዘኑ አይቀርም። ወጣቶቹ ሲጨነቁም ሲቀልዱም አንድ ዓይነት የተሳለ አንደበት አላቸው፤ ሰው መንፈስ ይዞት እያለ እንዲህ ይቀልዳል ወይ የሚያሰኝ ቦታ አለ።

ሌላው ጥያቄ ከ2023 የመጣ ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ የወጣው “ኦክስንፍሪ ሁለት” ራይሊ የተባለች ሌላ ባለታሪክ ይዞ ወደዚያው አካባቢ ይመለሳል፤ አሌክስ ከአዙሪቱ ለመውጣት ስትታገልም ያሳያታል። የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ ተጫውቶ ነፃ አውጥቻታለሁ ላለ ሰው ይህ መራራ ነው። በሌላ በኩል የመጀመሪያው ጌም ከጅምሩ ያለውን ነው የሚያጸናው፤ አንዱ መስመር ቢዘጋ ሌላው መሽከርከሩን አያቆምም።

ኔትፍሊክስ በመስከረም 2021 ናይት ስኩልን ሲገዛ የመጀመሪያው የጌም ስቱዲዮ ግዢው ነበር። በ2022 የስልክ እትሙን ለደንበኞቹ አቀረበ። በኮምፒውተር፣ በፕሌይስቴሽን፣ በኤክስቦክስና በኒንቴንዶ ስዊችም ለየብቻው ተሽጧል። በ2024 ግን ኢች ዶት አይኦ ከተባለው የመስመር ላይ መደብር ተነሥቷል። በዲጂታል የተገዛ ጌም ደግሞ የሚደገመው ባለቤቱ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነው፤ የገዛ ሰው ፋይሉን አውርዶ ማስቀመጡ አይከፋም።

ለሚጀምር ሰው ምክሩ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ያለ መመሪያ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ በአንድ ወይም በሁለት ምሽት ይጨርሱት፤ የሚያስቆጭ ምርጫ ቢያደርጉም ወደ ኋላ አይመለሱ። ሁለተኛውን ቀድሞ ካቋረጡት ሰው ጋር ቆመው፣ የአድለርን ደብዳቤዎች እየፈለጉ ይጫወቱት። ሁለት ዙር አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ አንዴ ብቻ ያየው ሰው የሚያውቀው ግማሹን ታሪክ ነው። ሦስተኛ ዙር ግን አይመከርም። የቀሩትን ፍጻሜዎች ለመቁጠር ብሎ የሚመለስ ሰው ነፃ ያወጣቸውን ልጆች መልሶ ጀልባዋ ላይ ያሳፍራቸዋል፤ የጌሙን ትምህርትም አልተማረም ማለት ነው።